እግር ያዳለጠው ይነሣል፤ ግሥ ያዳለጠውስ?

«ፈረንጁ እንደሆነ ገብቶታል፤ ምን ያጨቃጭቀናል?» ይላል አስጎብኚው፣ የጉዞ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ።

ገብቶታል፤ ልበ ቅን ሰው ስለሆነ ገብቶታል። የጻፍክለትን ትቶ ልትጽፍለት ያሰብከውን ፈልጎ አነበበልህ። የደከመው እሱ፣ የተከፈልከው አንተ!

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የሚለው፣ ጀልባችን በጣና ላይ «ስሊፕ» እያለች ከባሕር ዳር ዘጌ ታደርሳችኋለች ነው። በጸሐፊው ልብ የነበረችው ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ውኃው ዝም ባለበት ሰዓት የምትሄድ ጀልባ ናት። አንባቢው ዘንድ የደረሰችው ግን ያዳለጣት ጀልባ ናት። በእሷ ላይ ልጁን ይዞ የሚሳፈር ማን ነው?

ዛሬ የምሟገተው ለአንድ የግሥ ቤተሰብ ነው፤ ለመንሸራተት ግሦች። እንግሊዝኛ ስላይድ፣ ስሊፕ፣ ግላይድ፣ ስኪድ፣ ስሊዘር፣ ድሪፍት፣ ኮስት ብሎ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ሰጥቷቸዋል። እኛ ስንጽፍ የአንዱን ሥራ ለሌላው እንሰጣለን። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ቆሞ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ ባሕር ዳር ይምጣ፤ ታንኳው፣ ብስክሌቱ፣ ባጃጁ፣ የክረምቱ ጭቃ፣ እምቦጩ፣ ወፉ ሁሉም አለ። ነገሩ ደጃችን ላይ እያለ ቃሉን መሳት አይገባንም። ሰበብ ያለው ይሰለፍ፤ በየተራ እመልሳለሁ።

በወደቡ

«እሺ፣ ጀልባዋን ምን ልበላት?»

ግላይድ በላት። ግላይድ ሳይንገጫገጩ፣ ሳይታገሉ፣ ለስለስ ብሎ መሄድ ነው፤ ውኃ ላይም ይሠራል፣ አየር ላይም ይሠራል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊው ሳይጣደፍ ወደ ደብረ ማርያም ስታልፍ ግላይድ ናት። ክንፉን ዘርግቶ ሳያራግብ ከሐይቁ በላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፈው ፔሊካንም ግላይድ ነው።

«የኔዋ ባለሞተር ናት፤ ግላይድ ብላት ያምርባት የለ?»

ሞተሯ እያጓራ፣ ማዕበሉ እየናጣት ግላይድ ካልካት ተሳፋሪው ጆሮም ወገብም አለው፤ ማታ ሆቴሉ ገብቶ የሚጽፍልህን አስተያየት አስብ። ውኃው ሲረጋና ሞተሩን ስትቀንስ ያን ጊዜ ግላይድ በል። ሌላውን ጊዜ ሄደች በል፤ ሄደች ማለት ነውር የለውም።

«ስሊፕም ለመርከብ ይባላል፤ አንብቤያለሁ!»

አንብበሃል፤ እስከ ግማሹ። መርከብ «ስሊፕድ አውት ኦቭ ዘ ሃርበር» ሲሏት ማንም ሳያያት ሹልክ ብላ ወጣች ማለት ነው። ስሊፕ አንድ እጁ ማዳለጥ ነው፤ ሌላ እጁ መሹለክ ነው። አንተ ከወደቡ ላይ ቆመህ ሰው ጠርተህ፣ ዋጋ ተነጋግረህ፣ የደኅንነት ሰደርያ አልብሰህ የምትነሣ ሰው ነህ። ከማን ተደብቀህ ነው የምትሾልከው?

የስሊፕ ሁለቱ እጆች በመስተዋድድ ይለያሉ፤ እዚህ ላይ ልብ ብለህ ስማኝ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደች እንግዳ «ስሊፕድ ኢንቱ ዘ ቸርች» ብለህ ከጻፍክ ማኅሌቱን ሳትረብሽ ቀስ ብላ ገባች። «ስሊፕድ ኢን ዘ ቸርች» ብለህ ከጻፍክ ወድቃለች፤ ሐኪም ጥራ። ልዩነቱ «ቱ» የምትባል ቁራጭ ናት። በአንዲት ቁራጭ ሴትዮዋን ከጸሎት ወደ ሕክምና አትላካት።

«ድሪፍት ብላትስ? ደስ የሚል ድምፅ አለው።»

ድምፁ ደስ ይላል፤ ቀዛፊህ ግን የት ሄደ? ድሪፍት የሚባለው የራሱ አቅጣጫ የሌለው ነገር ነፋስና ሞገድ ወደ ወሰደው ሲሄድ ነው። በጣና ላይ ለድሪፍት የሚመጥን ምሳሌ ከፈለግህ እምቦጭ አለልህ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቦታውን እየለቀቀ የደምብያንና የፎገራን ዳርቻ ሲያለብስ የኖረ አረም ነው። ስለ እምቦጭ በእንግሊዝኛ ሪፖርት የምትጽፉ ባለሙያዎች «ግላይድ» አትበሉት። ግላይድ ውበት አለበት፤ የዓሣ አጥማጁን መረብ የሚውጥ አረም ውበት አይሸለምም። ድሪፍት በሉት። ዛሬ የታረመው ዳርቻ ነገ ለምን እንደገና እንደሚለብስ ግሡ ራሱ ለአንባቢው ይነግረዋል።

«ደንገል ትልቅ ባሕር አያውቅም፤ እኛ ስለ ሐይቅ ብቻ ነው የምንጽፈው።»

ያውቃል እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል «ራ» የተባለችውን የደንገል መርከብ ይዞ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሲነሣ ደንገሉ የሄደው ከጣና ነበር፤ የሠሯት ደግሞ የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ሳትደርስ ቀረች። በዓመቱ የተነሣችው ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይህን ታሪክ ለእንግዳ ስትጽፍለት ሸራ ተዘርግቶ፣ ሰው እየመራት የሄደችበትን «ሴይልድ» በል። ሸራው ወርዶ ሞገድ ብቻ ሲወስዳት «ድሪፍትድ» በል። የመርከበኛ ክብር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ያለው፤ በጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦ ታንኳ ሠሪዎችና ቀዛፊዎችም ያው ክብር ይገባቸዋል። ታንኳቸውን ድሪፍት ስትላት ሙያቸውን ሰረዝክባቸው።

በጭቃው

«ዘ ማድ ስሊፕድ ሚ» ብላ ጽፋለች አንዲት ተማሪ። መምህሯ በቀይ ቢያሰምሩባት ተቆጣች፤ «ጭቃው አዳለጠኝ አይደል የምንለው?»

በአማርኛ ልክ ነሽ፣ እህቴ። በአማርኛ ጭቃው አድራጊ ነው፤ አንቺ ተደራጊ ነሽ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ድንጋዩ አዳለጠው፣ ሳሙናው አዳለጣት እንላለን፤ ጥፋቱ ሁሌ የመሬቱ ነው። እንግሊዝኛ ዘንድ ስትሄጂ ፍርዱ ይገለበጣል። እዚያ ጭቃው ተኝቶ ያይሻል፤ ስሊፕ ያልሽው አንቺ ነሽ። «አይ ስሊፕድ ኦን ዘ ማድ» በዪ። ከቦታው የለቀቀው ማን ነው ብለሽ ጠይቂ፤ የለቀቀው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል።

«ታዲያ ‹ዘ ሮድ ስሊፕስ› ብልስ?»

መንገዱ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ እየሄደ ነው እንዴ? መንገዱ ስሊፐሪ ነው፤ ቅጽል ነው የሚያስፈልግሽ። «ዘ ሮድ ኢዝ ስሊፐሪ»፣ መንገዱ አዳላጭ ነው። ስሊፒንግ ካልሽው የመሬት ናዳ አወጅሽብን።

«እነሱ ራሳቸው ‹ኢት ስሊፕድ ማይ ማይንድ› ይላሉ። እሱስ እንደኛው አማርኛ አይደለም?»

ጎበዝ፤ ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። እዚያም ሕጉ አልፈረሰም። ከቦታው የለቀቀው ነገርዬው ነው፤ ከሐሳብሽ ሹልክ ብሎ ወጣ። ስለዚህ ነገርዬው ባለቤት ሆነ። ሳህኑ ከእጅሽ ሲያመልጥም «ዘ ፕሌት ስሊፕድ ፍሮም ማይ ሃንድ» ትያለሽ፤ የሄደው ሳህኑ ነው። ጭቃው ግን የትም አልሄደም። ይህን አንድ ሕግ ከያዝሽ ከክረምት እስከ ክረምት ቀይ ቀለም አታዪም።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ይህ ስሕተት የስንፍና ስሕተት አይደለም። አማርኛዋን አጥርታ የምታውቅ ልጅ የምትሠራው ስሕተት ነው። መምህራን ሆይ፣ ቀዩን መስመር ስታሰምሩ ምክንያቱንም ጻፉላት። «ጭቃውን ትተሽ ራስሽን ባለቤት አድርጊ» የምትል አንዲት መስመር ከመቶ ኤክስ ትበልጣለች።

በፔዳ ደጃፍ

«የስላይድ ኃላፊ ጊዜ ስላይድድ አይደለም እንዴ?» ይላል ሌላው፤ እ.ኤ.አ. በ1972 መምህራን ሊያፈራ ከተመሠረተው ከፔዳ ግቢ ወጥቶ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ወጣት።

ስሊድ ነው። ስላይድድ የሚባለውን በሥርዓት በተጻፈ እንግሊዝኛ ውስጥ አታገኘውም። «ዘ ቦይ ስሊድ ዳውን»፣ «ሃድ ስሊድ»፤ ኃላፊውም ቦዝ አንቀጹም አንድ ናቸው።

«ግላይድ ግላይድድ ሲሆን ስላይድ ለምን ስሊድ ይሆናል? ቋንቋው ሥርዓት የለውም!»

የኛውስ? «አለ» የሚለው ግሥ ኃላፊው «ነበረ»፣ አሉታው «የለም» ነው። ከሦስቱ የትኛው የትኛውን ይመስላል? ግን አንድም የአማራ ሕፃን ሲሳሳተው አልሰማህም፤ ከልጅነቱ ሰምቶ ስለያዘው ነው። ስላይድና ግላይድም በጥንታዊው እንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት አረባብ የሚሄዱ ወንድማማቾች ነበሩ። ግላይድ በኋላ የብዙኃኑን መንገድ ተከተለ፤ ስላይድ የድሮውን ይዞ ቀረ። ታሪኩ ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ የጎጃም ሰው ሊያማርረው አይገባም።

«የጎጃም ሰው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

የዋሸራ ቅኔ ቤት የማን ነው? የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔ ከመዝረፉ በፊት ግሥ ይገሥሣል። ግሦቹን በስምንት አርእስት ሥር ያሰልፋል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። አዲስ ግሥ ባገኘ ቁጥር ይህ የማን ቤት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ቤቱን ካወቀ አረባቡን ያውቃል። የኔታ ፊት አንድ ግሥ አበላሽቶ «ገብቶዎታል እኮ» የሚል ተማሪ ተሰምቶ አያውቅም። ይህን የመሰለ የግሥ ትምህርት በደጁ ያለው ሕዝብ የእንግሊዝኛን ግሥ በዘፈቀደ የሚጽፍበት ምክንያት የለም። ስልቱን ከቅኔ ቤት ውሰድና ለእንግሊዝኛውም አርእስት አብጅለት።

ይኸው አበጅቼልሃለሁ። የስላይድ ርዕስ «ሃይድ» ነው፤ ሃይድ ሂድ ይሆናል፣ ስላይድ ስሊድ ይሆናል። ቦዝ አንቀጹ ላይ ብቻ ይለያያሉ፤ ሃይድ ሂድን ይላል፣ ስላይድ ስሊድ ብሎ ይቆማል። የስሊፕና የስኪድ ርዕስ «ስቶፕ» ነው፤ ስቶፕ ኢዲ ሲጨመርበት ፒዋን ሁለት እንደሚያደርግ ሁሉ ስሊፕድም ሁለት ፒ፣ ስኪድድም ከኢዲው በፊት ሁለት ዲ ይጻፋል። አይኤንጂ ሲመጣም ያው ነው። የድሪፍት፣ የኮስትና የስሊዘር ርዕስ «ዎክ» ነው፤ ኢዲውን ለጥፈህ ሂድ፣ ምንም አታባዛ።

«ግላይድስ ርዕሱ ማን ነው?»

አስጎብኚውን ጥራልኝ! የሙያህ ስም በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ጋይድ። ጋይድ ጋይድድ ይሆናል፣ ግላይድ ግላይድድ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ኢ ስላለ ዲ ብቻ ትጨምራለህ። ርዕሱን ደረትህ ላይ ለጥፈህ እየዞርክ ግሡን አላውቀውም ማለት አይቻልህም።

«ስሊዘርን ደግሞ ለአርጃኖ ጽፌዋለሁ፤ ልክ ነኝ?»

አርጃኖ አራት እግር አለው። ስሊዘር የእባብ ነው፤ በሆዱ ወዲህና ወዲያ እየተጠማዘዘ ለሚሄድ። ከዘጌ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የነበረ አርጃኖ ሰው ሲያይ ወደ ውኃው ሲገባ «ስሊድ ኢንቱ ዘ ዋተር» በለው። የተሰጠውን እግር አትንፈገው።

«በረዶ በሌለበት አገር ስኪ ምን ያደርግልናል? እሱን እንኳ ተወን።»

አልተውም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተወዳድሯል። አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ነበር ውድድሩ። ስለ እሱ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ ከሆነ ስኪኢንግ ላይ ሁለት አይ ተከታትለው ይጻፋሉ፤ ኃላፊው ላይ አይዋ አንድ ሆና ኢዲ ይከተላታል። አንዷን አይ የበላህ ጊዜ ሰውየውን ከነውድድሩ በላኸው።

በአስፋልቱ

«ባጃጄ ግላይድ ብሎ ቦይ ገባ» ይላል ሾፌሩ፤ ለኢንሹራንስ የሚሆን መግለጫ በእንግሊዝኛ ሊያጽፍ መጥቶ።

ወንድሜ፣ ግላይድ ብሎ ከገባማ ደስ ብሎት ነው የገባው። ካሣ የሚከፍልህ የለም። ያንተ ስኪድ ነው። ፍሬን ይዘህ፣ መሬቱ ርሶ፣ ጎማው አስፋልቱን መያዝ ሲያቅተው ስኪድ ይባላል። «ዘ ባጃጅ ስኪድድ ኦፍ ዘ ሮድ» በል። ስኪድ አንተ ልትቆጣጠረው ሞክረህ እንዳልቻልክ በውስጡ ይናገርልሃል። እንዲህ ያለ ጠበቃ የሚሆን ግሥ እያለ ለምን ትተወዋለህ?

«ብስክሌትም ስኪድ ነው?»

ካዳለጠው ስኪድ ነው። ግን ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ለብስክሌት የተለየ ግሥ አለልህ። ከቤዛዊት ኮረብታ ስትወርድ ፔዳሉን ትተህ፣ እግርህን አሳርፈህ፣ ቁልቁለቱ ይወስድሃል፤ ያ ኮስት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በ380 ሜትሩ የአባይ ድልድይ ላይም መርገጥህን ትተህ በያዝከው ፍጥነት ብቻ እየሄድክ ከሆነ «አይ ኮስትድ» ማለት ትችላለህ። መርገጥ ስትጀምር ኮስት አበቃ።

«ኮስት ማለት የባሕር ዳርቻ አይደለም?»

ስም ሲሆን ነው፤ የትልቁ ባሕርና የውቅያኖስ ዳርቻ። እዚህ ላይ ብዙ ሆቴሎችና ብዙ ተማሪዎች ይወድቃሉ፤ «ኦን ዘ ኮስት ኦቭ ሌክ ታና» ብለው ይጽፋሉ። ሐይቅ ሾር እንጂ ኮስት የለውም። «ኦን ዘ ሾር ኦቭ ሌክ ታና» በሉ። የከተማችን ስም ባሕር ዳር መሆኑ ጣናን ቀይ ባሕር አያደርገውም።

«ሰውየው ታንኳውን ወደ ውኃ ገፋ ለማለት ‹ግላይድድ ዘ ካኑ› ብያለሁ።»

ግላይድ ራሱ ይሄዳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢ አይወስድም። አማርኛ «ተን» እና «አን» ለዋውጦ ተንሸራተተና አንሸራተተ ይላል፤ እንግሊዝኛው ስላይድ ግን ያለ ምንም ለውጥ ሁለቱንም ይሸከማል። ታንኳው ከሄደ «ዘ ካኑ ስሊድ»፤ ሰውየው ካስኬደው «ሂ ስሊድ ዘ ካኑ ኢንቱ ዘ ዋተር»። መሬት እየነካ፣ ጭቃውን እየዳሰሰ ነው የሄደው፤ ውኃ ላይ ከወጣ በኋላ ግላይድን ጥራው።

በአንድ ፊደል መካከል

«ይህ ሁሉ የቃል ምርጫ ቅንጦት ነው» ይሉኛል አንድ አያ፤ የጡረታ ጊዜያቸውን ጋዜጣ በማንበብ የሚያሳልፉ።

አያ፣ ለእርስዎ የምመልሰው በቀልድ አይሆንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ሲነሣ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። አውሮፕላኑ ጎማ ሳያወጣ በሆዱ አረፈ፤ እሳትም ተነሣ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እንዲህ ያለ ቀን የሚጽፍ ሰው ግሥ ሲመርጥ ቅንጦት ላይ አይደለም። ሞተሩ ኃይል ያጣ አውሮፕላን አየር ላይ ሆኖ ሲወርድ ግላይድ ነው፤ ሆዱ መሬት ከነካ በኋላ የሚሄደው ስላይድ ነው። ግላይድና ስላይድን የሚለያቸው የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው። በዚያች ድምፅ ውስጥ ሰማይና መሬት አሉ። አንባቢው ሰዎቹ ገና በአየር ላይ ነበሩ ወይስ ምድር ነክተው ነበር ብሎ እንዲጠራጠር ካደረግነው ሙታኑንም የተረፉትንም በድለናል።

የፖሊስ መግለጫ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የኢንሹራንስ ሰነድ፣ የመሐንዲስ ሪፖርት ሁሉ እንዲሁ ነው። «ሠራተኛው ስሊፕድ» ካልን ያዳለጠው እሱ ነው፤ «መሰላሉ ስሊድ» ካልን ከቦታው የለቀቀው መሰላሉ ነው። በሁለቱ መካከል የካሣ ጥያቄ ይቆማል ወይም ይወድቃል።

የቀሩት ሰበበኞች

«ስልኬ ይተረጉምልኛል።»

ስልክህ የሚተረጉመው የሰጠኸውን ነው። በአማርኛ ጀልባውንም፣ ባጃጁንም፣ ሕፃኑንም «ተንሸራተተ» ብለህ ከሰጠኸው ሁሉንም ስላይድ አድርጎ ቢመልስልህ ምን ፈረድክበት? ሾለከ፣ አዳለጠ፣ ተንሳፈፈ፣ ሸርተት አለ፣ ሙልጭ ብሎ አመለጠ የሚሉ ቃላት እያሉህ አማርኛህን በአንድ ግሥ ያስራብከው አንተ ነህ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልኩ ጣና ላይ ተሳፍሮ አያውቅም፤ አንተ ታውቃለህ። የመጨረሻውን ቃል የሚያውቀው ይበል።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ የሰው ቋንቋ ብንሳሳት ምን አለበት?»

ያልተገዛ ሰው በእጁ የያዘውን መሣሪያ አጥርቶ ያውቃል። ልጆቻችን ከሁለተኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትና የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋውን ለትምህርት መርጠን ስናበቃ በስሕተቱ መኩራት ነፃነት አይደለም። የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው።

«ስለ ጣና በእንግሊዝኛ ተጽፎ አልቋል፤ እኛ ምን እንጨምራለን?»

ማን ነው የጻፈው? እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ጻፈ። ሐይቁን የዞረው የእንግሊዙ ቆንስል ቺስማን በ1936 ጻፈ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ግን እንግዶች ነበሩ። አያቱ ታንኳ የቀዘፈ፣ እናቱ ከሐይቁ ውኃ የቀዳች፣ እሱ ራሱ በጭቃው ተንሸራቶ ያደገ ሰው የሚጽፈው ጣና ገና ብዙ ይቀረዋል። ያን የሚጽፍ ሰው ይዘቱን ከማንም አይበደርም። የሚጎድለው ግሡን ማጥራት ብቻ ነው፤ ግሥ ደግሞ ይጠናል።

ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ነገር እላለሁ። አስጎብኚ፣ ተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ የሆቴል ባለቤት፣ ሪፖርት ጸሐፊ፣ እጅህ ላይ ያለውን ወረቀት ከማተምህ በፊት አራት ነገር ጠይቀው። ከቦታው የለቀቀው ማን ነው? ፈልጎ ነው ወይስ ሳይፈልግ? መሬት ነክቷል፣ ውኃ ላይ ነው ወይስ አየር ላይ? የኃላፊ ጊዜው ርዕስ ማን ነው? አራቱን ከመለስክ ግሡ ራሱ ይመጣልሃል። ያላወቅኸውን መዝገበ ቃላት ክፈትለት፤ መምህርህን ጠይቅ። መምህር ሆይ፣ ሲጠየቁ አይቆጡ።

የዘጌንና የደብረ ማርያምን ጉዞ የሚያስተዋውቀው ያ ወረቀትም ሳይዘገይ ይታረም፤ «ስሊፕስ» ይሰረዝና «ግላይድስ» ይጻፍበት። ከዚያ የሚቀጥለውን መስመር አንብብ፤ እሱም መታረም ሳይኖርበት አይቀርም።